ሦስት ዓይነት ጥርስ በአንድ መንገድ

ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ጋራዦች ከአፍ የማይለዩት እነዚህ ቃላት ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። የፋሺስት ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ከደባርቅ በላይ ወልቀፊት ላይ የመሸገው ኃይሉ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በዚያው ዓመት ኅዳር 18 ቀን ነፃ ወጣች። ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ወራሪ ሄደ፤ የብረቱ ቋንቋ ግን ቀረ።

ከዚያ በፊት ደጋው ብረትን ያለ ብሎን ሲያያይዝ ኖሯል። የወገራ ገበሬ ማረሻውን በወገል ይይዛል፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ያስራል፤ ሲላላ መትቶ ያጠብቃል፣ ሲበጠስ ሌላ ጠፍር ይቆርጣል። ጥርስ ያለው ብረት ከጠመንጃ ጋር ቀደም ብሎ መግባቱ እውነት ነው፤ ሆኖም እርሱ የባለጠመንጃው ጉዳይ ነበር። ወደ ተራው ሰው እጅ ያቀረበው ከአሥመራ በሊማሊሞ ተጠማዝዞ የወጣው የመኪና መንገድ ነው። (መንገዱን «ጣሊያን ሠራው» ማለት ለምደናል፤ ድንጋዩን ከፈለጡት ክንዶች መካከል ግን የአገሬው ቀን ሠራተኛ ክንድ እንደሚገኝበት መዘንጋት አይገባም።)

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ ኮሶዬ ላይ በአያቴ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ሞርሳ ነው። አያቴ ከነፃነት በኋላ በመንገድ ጥገና የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ ሞርሳውንም ከዚያ ዘመን ይዘውት ቆዩ። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ የማይሠራ ብረት ቦታ ከሚይዝ ለቁርጥራጭ ብረት ገዥ በኪሎ ይሸጥ አለ። እኔ ደግሞ አሮጌ መሣሪያ ማደስ የትርፍ ጊዜ ፍቅሬ ነውና፣ የተጣበቀውን አንድ ዳዶ ካላቀቅሁ ሞርሳው እንዲቀር፣ ካልሆነልኝ እንዲሸጥ ተስማማን። በመጋዝ ቁረጠው ያሉኝም ነበሩ። እኔ ግን ብሎኑን ሳላጠፋ ላወጣው ፈለግሁ፤ ምክንያቱም የወጣው ጫፉ ጥርስ እንግዳ መስሎ ታይቶኛል።

ማስመሪያ አስጠግቼ ቆጠርኩት። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ 13 ጥርስ አለው፤ ውፍረቱ ግማሽ ኢንች ነው። የሞርሳው ሌሎች ብሎኖች ሁሉ በሚሊሜትር የተሠሩ የጣሊያን ናቸው፤ ይህ ግን የአሜሪካ ነው። ዳዶው ደግሞ ከሁለቱም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ ሁሉ አንድ ልክ እንዲኖረው ሐሳብ ሲያቀርብ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ እ.ኤ.አ. በ1864 60 ዲግሪን መረጠ። በግማሽ ኢንች ብሎን ላይ የእንግሊዙ 12፣ የአሜሪካው 13 ጥርስ ነው። አንዱን በሌላው ላይ ቢያዞሩት ጥቂት ዙር እሺ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ብረት ብረትን ይነክሳል። ሁለቱ አገሮች ከካናዳ ጋር ሆነው በአንድ ጥርስ የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ላይ በ1928 የጣሊያን ካሚዮን፣ በ1933 እና በ1934 የእንግሊዝ ጦር መኪና አለፈ። በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካኖች እርዳታ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ደግሞ የአሜሪካ መኪናና ማሽን መጣ። ሦስቱም ብሎናቸውን ጥለው ሄዱ። የወደቀውን አንሥቶ የገጠመው ሰው ጥርስ መለየት ያቃተው አይመስለኝም፤ ሌላ አልነበረውም።

የማላቀቁ ሥራ አራት ቀን ፈጀ። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በኮሶዬ ጉም ውስጥ የኖረ ዳዶም ከዓመት ዓመት እየተጨናነቀ ይሄዳል። ሦስት ቀን ነጭ ጋዝ አጠጣሁት፤ ጠዋትና ማታም ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። በአራተኛው ቀን ጋዙን ጠርጌ ካደረቅሁ በኋላ በከሰል የጋለ ወፍራም ብረት በዳዶው ጎን ላይ ደገፍኩ። ግማሽ ኢንች ብረት ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር የሚሰፋው ከሚሊሜትር መቶኛ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ይሁንና ዳዶው ከብሎኑ ቀድሞ ከሞቀ ይኸው ይበቃል። ከዚያ ንጹሕ ሰም አስነካሁት፤ ቀልጦ በስንጥቁ ሰረገ። መፍቻውን መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት ጥቂት ገፋሁ፣ ቀጥሎ ወደሚፈታበት፤ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ።

ሲወጣ የዳዶው የውስጥ ጥርስ በኢንች 12 ሆኖ ተገኘ። የተነከሱት ሦስት ጥርሶች ጠፍጥፈው ነበርና ሁለቱ ዳግመኛ አይገጥሙም፤ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በሞርሳው ላይ ባለ 12 ሚሊሜትር አዲስ ብሎን ገባ። ሞርሳው አልተሸጠም፤ የአጎቴ ልጅ የማጭድ እጀታ ይጠግንበታል።