ጓሳን በአንድ ቀን አይታችሁ አትመለሱ

መቼም እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ለጉዞ ሦስት ነገር ይበቃናል፤ መኪና፣ ካሜራ እና ማታ ቤት የምንገባበት ሰዓት። እንደርሳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ጥብስ እንበላለን፣ እንመለሳለን። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን በዚህ ዓይነት ለሚያየው ሰው ሣር ብቻ ሆኖ ስለሚቀር አገር ነው። ሣሩ ደግሞ ታሪክ አለው።

ጓሳ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቦረቦሩት ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወስዳል፤ የመንዙ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ይታጠፋል። መዘዞን አልፋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ስትጠጉ ዛፍ የሌለበት፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀጥል ኮረብታ ይቀበላችኋል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ኮረብታውን የሸፈነው፣ ስሙንም ለቦታው የሰጠው ጓሳ የሚባለው ሣር ነው። ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ሲነጩ፣ ዕድል ከቀናችሁም ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል ስታደን ታያላችሁ።

ይህን አይቶ “ተፈጥሮ እንዴት ያምራል!” የማይል የለም። እኔ ግን “ሰው እንዴት ታገሠ?” ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ዙሪያውን ገበሬ ነው፤ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ በብርዱ ባና የሚለብስ። መሬት ጠቧል፣ ከብቱ ይራባል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሣር ሳይታጨድ፣ ሳይጋጥ፣ ሳይታረስ እንዴት ቆየ?

መልሱ “ቄሮ” የሚባል ሥርዓት ነው (የስሙ መመሳሰል እንዳያሳስታችሁ፤ በቅርብ ዓመታት በዜና ከሰማነው ጋር አይገናኝም)። ነገሩ የሚጀምረው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። እንደሚተረከው፣ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት የአገሩ አባቶች ጓሳን ተካፈሉት። ከእነርሱ የሚወለዱትም በአጽመ ርስታቸው የመጠቀም መብት ወረሱ። እያንዳንዱ ወገን “አባ ቄራ” የሚባል አለቃ ይመርጣል። ጓሳ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት የሚለውን ከሽማግሌዎች ጋር የሚመክረው፣ ጥበቃውን የሚያደራጀው፣ ያጠፋውን የሚቀጣው እርሱ ነው።

ሲዘጋም ለአንድ ክረምት ብቻ አይደለም። እስከ አምስት ዓመት ድረስ የተዘጋበት ጊዜ ነበር! ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ፣ በጋው ሲጠና ይከፈታል። መጀመሪያ አጫጆች ይገባሉ፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለእረኛ ገሳ የሚሆነው ይታጨዳል። ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ደግሞ ይዘጋል። ቀኑ ከጾሙ ጋር ስለተያያዘ አልሰማሁም ማለት አይቻልም።

እኛ በትምህርት ቤት የመንዝን ታሪክ የተማርነው በነገሥታቱ በኩል ነው። ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሣ፣ የሸዋ ገዥዎች ሐረግ ከእርሱ ተቆጠረ፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክም ደረሰ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ንጉሥ ሲመጣና ሲሄድ ሣሩን እየዘጋ የሚከፍተው ገበሬ የራሱን መንግሥት ሲያስተዳድር እንደነበር ማን ነገረን?

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ቄሮን ማወደስ ቀላል ነው፤ “አባቶቻችን ያውቁ ነበር” ብሎ መጨረስም ይቻላል። ሥርዓቱ የቆመው በዘር ሐረግ ላይ ነበር። ከአስቦም ከጌራም የማይወለድ ሰው፣ ጎረቤት ቢሆንም፣ ቤቱ ቢያፈስም፣ ከብቱ ቢራብም መብት የለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ፤ አብሮም አባ ቄራ ሥልጣኑን አጣ። ቦታውን የገበሬ ማኅበር ተረከበ። ለዚያ በሩ ተዘግቶበት ለኖረ ጎረቤት አዋጁ ፍትሕ ነበር። ለሣሩ ግን ክፉ ቀን መጣ። ሁሉም የሚገባበት፣ ማንም “ይብቃ” የማይልበት ቦታ ሆነ፤ ጓሳም ተጎዳ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ “አየህ፣ ለውጥ አጠፋን” የሚሉ ሰዎች ባሸነፉ ነበር። አላበቃም። ቆይቶ ከየቀበሌው የተወከሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ መተዳደሪያ ተጻፈ፣ የአማራ ክልልም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀ። መዝጋትና መክፈቱ ከድሮው ተወረሰ፤ “የማን ልጅ ነህ?” የሚለው ጥያቄ ግን “የየት ቀበሌ ነዋሪ ነህ?” በሚል ተተካ። ለእኔ ከጓሳ ውበት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ከአሮጌው የሚጠቅመውን ይዞ የሚያገለውን መጣል እንደሚቻል አንድ ኮረብታ አሳይቶናል። አዲስ አበባ ላይ በየስብሰባው የምንጨቃጨቀው ስለዚሁ አይደል?

ለማንኛውም፣ የምትሄዱ ከሆነ አትቸኩሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ስለ መንገዱ ደኅንነት አስቀድማችሁ ሳታጣሩ አትነሡ፤ ኮረብታው የትም አይሄድም። ደርሳችሁ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ብርዱን ቻሉት፣ ባና ግዙ፣ በእግር ሂዱ። ሽማግሌ ስታገኙ “ጭላዳው የት አለ?” ከማለታችሁ በፊት “አባ ቄራ እንዴት ይመረጥ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። ጭላዳው መቼም ከሣሩ አይርቅም፤ ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።