ኤንዛይም

ኤንዛይም በሕያዋን ሕዋሳት ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ሞለኪውል ነው። አብዛኞቹ ኤንዛይሞች ፕሮቲኖች ናቸው። ከአርኤንኤ የተሠሩም ጥቂት አሉ፤ ይህን ያረጋገጡት ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ስኳር በዕቃ ተቀምጦ ዓመታት ቢቆይ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ አይቃጠልም፤ ለውጡን ለመጀመር የሚያስፈልገው ኃይል ከፍተኛ ነውና። ሰውነት ግን ያንኑ ስኳር በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረጃ በደረጃ አፍርሶ ጉልበት ያወጣበታል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ደረጃ የሚጠይቀውን የመነሻ ኃይል ኤንዛይሞች ዝቅ ስለሚያደርጉት ነው። ፍጥነታቸው የሚያስደንቅ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ፣ አንዱ ሞለኪውል ብቻውን፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ከውሃ ጋር ያዋህዳል። ሥራውን የሚሠራው ግን በመሃሉ በያዛት አንዲት የዚንክ አቶም እየታገዘ ነው፤ ምግባችን ውስጥ ጥቂት ማዕድንና ቫይታሚን የግድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የኤንዛይም ኃይል ያለው ቅርጹ ላይ ነው። የአሚኖ አሲዶቹ ሰንሰለት ተጣጥፎ አክቲቭ ሳይት የሚባል ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ይሠራል፤ እዚያ የሚገባው ልኩ የሆነው ሞለኪውል ብቻ ነው። ኤሚል ፊሸር በ1894 ይህን በቁልፍና በቁልፍ ቀዳዳ መስሎ አስረዳ፤ ዳንኤል ኮሽላንድ ደግሞ በ1958 ኤንዛይሙ ራሱ የመጣለትን ሞለኪውል አቅፎ ቅርጹን እንደሚያስተካክል አመለከተ። ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም የግሉኮስ ሰንሰለቶች ናቸው፣ ልዩነታቸው በማያያዣው አቅጣጫ ላይ ነው። በምራቃችን ያለው አሚሌዝ የመጀመሪያውን ይቆርጣል፣ ሁለተኛውን አይነካውም። ሰው ገብሱን በልቶ ጭዱን ለበሬ የሚተወው ለዚህ ነው፤ በሬውም ቢሆን ጭዱን የሚፈጨው በጨጓራው በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ኤንዛይም ነው።

የኤንዛይም ጥናት የተጀመረው ከብቅል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1833 ፈረንሳውያኑ አንሴልም ፓያንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር ከብቅል ለይተው አወጡ። የኢትዮጵያ ጠላ ጠማቂዎች በዚሁ ኃይል ሲገለገሉ ኖረዋል። ገብሱ ተነክሮ በቅጠል ሲታፈን ፅንሱ ይነቃል፤ የተከማቸለትን ስታርች ለመመገብም አሚሌዝ እንዲመነጭ ያደርጋል። ከዚያ በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል፤ የፀሐይ ሙቀት ለስላሳ ስለሆነ ኤንዛይሙ ይተርፋል። ጠላው ውስጥ የሚገባው ሌላው እህል፣ አሻሮ፣ ግን በእሳት ስለተቆላ የራሱ ኤንዛይም ጠፍቷል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚያፈርስለት አብሮት የሚገባው ብቅል ነው። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ይህም ቢሆን የኤንዛይም ሥራ መሆኑን ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 አሳየ፦ ሕያው ሕዋስ የሌለበት የእርሾ ጭማቂ ብቻውን ስኳርን አቦካ።

ሙቀት ሲበዛ የአሚኖ አሲዶቹ ሰንሰለት እጥፋት ይፈታል፣ ኤንዛይሙም ይበላሻል። አሲድነትም ወሳኝ ነው፤ የጨጓራው ፔፕሲን በፒኤች 2 አካባቢ፣ የአንጀቱ ትሪፕሲን ግን በ8 አካባቢ ይሠራሉ።

ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት ኤንዛይምን በመዝጋት ነው። አስፕሪን ሕመምና ትኩሳት የሚያመጡ ንጥረ ነገሮችን የሚሠራውን ሳይክሎኦክሲጅኔዝን ይዘጋል። በዘር የሚወረስ የኤንዛይም ጉድለትም አለ። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ወይም ፕሪማኪን ሲወስዱ ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ሊፈነዱ ይችላሉ። ፕሪማኪን በኢትዮጵያም የሚገኘውን የቫይቫክስ ወባ ከጉበት ለማጥፋት የሚሰጥ መድኃኒት በመሆኑ፣ ከመታዘዙ በፊት የበሽተኛው ጂ6ፒዲ መመርመር ይኖርበታል።