የአስማተኛው የሥራ ቤት

ባለፈው ክረምት ለትምህርት ቤታችን በዕርዳታ ከመጡት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የጨዋታ መጽሐፍ ተገኘ። እኛ አስተማሪዎቹ የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ስንፈልግ ወደ ጎን ጣልነው፤ ወጣቶቹ ግን አነሡት። ይኸው አሁን ማታ ማታ አምስትም ስድስትም ሆነው ፋኖስ ከበው ጋዙ እስኪያልቅ ድረስ ይጫወቱታል።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ባጭሩ እንግለጽ። ከተጫዋቾቹ አንዱ አጫዋች ይሆናል። እርሱም አገሩን፣ ከተማውን፣ ዋሻውንና በዋሻው ያለውን ጠላት በቃሉ ይሥላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ይሆናል። የተናገሩት ነገር መሳካቱንና አለመሳካቱን በየገጹ ቁጥር ያለበት ዳይስ ይቆርጠዋል። የእኛዎቹ ዳይሱን ከሸክላ ጠፍጥፈው፣ በምድጃ አድርቀው፣ ቁጥሩን በምስማር ጭረው ሠርተውታል።

አጫዋች የሆነው ልጅ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ የታላቁ አስማተኛ የሥራ ቤት ነው፤ እስቲ ይመልከቱልኝ» አለን። ሥዕሉ ጥሩ ነው። ሰማይ የሚነካ ግንብ፣ የራስ ቅል፣ ሌሊት የሚያበራ ድንጋይ፣ በጠርሙስ የተዘጋ ዘንዶ፣ በወርቅ የተለበጠ ወንበር ተሥሎበታል። «ማገዶው የት ነው?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ሳቀ። አስማተኛ ማገዶ ምን ያደርግለታል? ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚያ ሳቅ መልስ እንዲሆን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በአገራችን አስማተኛ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ደብተራው ነው። የደብተራው የሥራ ቤት ደግሞ በአንድ ማኅደር ተጠቅልሎ ይገባል፤ ብራና፣ የመቃ ብዕር፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም። ክታቡን በሚያስጽፈው ሰው ቁመት ለክቶ ይቆርጣል፣ ይጽፋል፣ ይጠቀልላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። የወጣቶቹ ጨዋታ አስማተኛ ግን የዚህ ወገን አይደለም። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከአውሮፓ የ16ኛው መቶ ዓመት የአልኬሚ ሰዎች ነው፤ እነዚያ ደግሞ የእሳት ሰዎች ነበሩ።

ጨዋታው ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። በ1974 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ተደርገው ለሽያጭ ቀረቡ። ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሲሆን ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ሣጥን ብቻ ነበር። በነዚህ መጻሕፍት ሕግ አስማተኛው 11ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የራሱን ዕቃ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ግን በነፃ አይደለም። ቁስል የሚፈውስ መድኃኒት ለመቀመም 250 የወርቅ ሳንቲምና አንድ ሳምንት ይፈጅበታል። ግድግዳ አሳልፎ የሚያሳይ ቀለበት ከሆነማ 50,000 የወርቅ ሳንቲምና አንድ ሙሉ ዓመት። ይህን ስናነብ ለደራሲዎቹ ያለን አክብሮት ጨመረ። አስማት ገንዘብና ጊዜ እንደሚበላ ገብቷቸዋል። ቤቱን መሥራት ግን ለአጫዋቹ የቀረ ሥራ ነው። እንግዲህ እኛም ጉዳያችን ከዚሁ ከቤቱ ጋር ነውና ወደ እውነተኞቹ ቤቶች እንሂድ።

በ1576 የዴንማርክ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ቬን የተባለችውን ደሴት ታይኮ ብራሄ ለሚባል ባላባት ሰጠው። ታይኮ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። መነጽረ ሩቅ ገና ባልነበረበት ዘመን የሰማይን አካላት በዓይኑና በታላላቅ መለኪያዎች ብቻ እጅግ በትክክል የለካ ሰው ነው። በደሴቲቱ ላይ ኡራኒቦርግ ብሎ የሰየመውን ቤት ሠራ። ከላይ ከዋክብት የሚታዩበት ሰገነት፣ ከሥር ደግሞ በምድር ቤቱ የአልኬሚ ቤተ ሙከራ ነበረው። በዚያ ቤተ ሙከራ 16 ምድጃዎች እንደ ነበሩት እርሱ ራሱ ጽፏል።

ለምን 16 አስፈለጉ? አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እሳቱ ከበዛ ያርራል፣ ካነሰ አይወጣም። አረቄ የምታወጣ ሴት እሳቱን በእንጨት አገባቧ ትገዛዋለች፤ የአልኬሚ ሰው ግን ለየሥራው የተለየ ሙቀት ስለሚያስፈልገው ምድጃውን ይለያያል። ለስላሳ ሙቀት የሚፈልገውን ዕቃ በሞቀ ውኃ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ጠንከር ሲል በአመድ ውስጥ፣ ይበልጥ ሲጠነክር በአሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል። ማዕድን ለማቅለጥ ሲሆን በወናፍ የሚነፋ እቶን ያስፈልጋል። አታኖር የሚባል ምድጃም ነበር። ከጎኑ ባለው ግንብ መሰል ጉድጓድ ከሰል ይሞላበትና ከሥር እየነደደ ሲያልቅ ከላይ ያለው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ስለዚህም ለብዙ ቀን ሳይጠፋ በዝግታ ይነዳል። እንዲህም ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ሙቀት መለኪያ በሌለበት ዘመን ሙቀቱን የሚያውቀው የረዳቱ እጅ ነበርና ረዳቱ እዚያው አጠገብ መተኛቱ አይቀርም። በወጣቱ ሥዕል ላይ የወርቅ ወንበር እንጂ የረዳት መደብ አልነበረም።

የቤቱ ወጪስ ከማን ነበር? ደሴቲቱ ላይ የነበሩት ገበሬዎች ለአዲሱ ጌታ የግዴታ ሥራ ተጣለባቸው፤ አቤቱታም አሰሙ። ታይኮ በከርሰ ምድሩ ያገኘውን ጥበብ ለሕዝብ አላሳተመም። ንጉሡ በ1588 ሞተ፤ ከልጁ ጋር ሳይስማሙ ቀሩና በ1597 ታይኮ አገሩን ለቆ ወጣ፤ በ1601 በፕራግ በስደት ሞተ። ቤቱም ፈረሰ። ከ1988 እስከ 1990 በቦታው ቁፋሮ ሲደረግ የብርጭቆና የሸክላ ስባሪዎች ተገኙ። በ2024 ተመራማሪዎች ከነዚህ አምስቱን መርምረው ወርቅ፣ ሜርኩሪ፣ መዳብና አንቲሞኒ አገኙባቸው፤ ደግሞም ተንግስተን። ተንግስተን የታወቀው በ1780ዎቹ ነው። ታይኮ ሳያውቀው ከአንድ ማዕድን ጋር ወደ እሳቱ ገብቶ ይሆናል። አንድ አጫዋች ለአስማተኛው ቤት ምስጢር ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ምስጢር ከወዴት ያገኛል? ባለቤቱ ራሱ በእጁ መኖሩን የማያውቀው ነገር።

የታይኮ ቤት ያስቆጣው አንድ ሰው ነበር፤ ለዚህ ሰው እናደላለን፤ ምክንያቱን ለመደበቅ አንሞክርም። አንድሬያስ ሊባቪየስ ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው፤ ሐኪምና የትምህርት ቤት ሰው ነበር። በ1597 «አልኬሚያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1606 ደግሞ ሰፋ አድርጎ ሲያወጣው ተገቢ የሆነ የኬሚስት ቤት ምን መምሰል እንዳለበት ከነፕላኑ ሥሎ አስገባበት። የሐሳቡ መሠረት ይህ ነው፤ ጥበበኛ ሰው በደሴት ተሸሽጎ ከመሬት በታች መሥራት የለበትም፤ በከተማ መካከል፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ እንደ ማንኛውም ዜጋ መኖር አለበት። ስለዚህ በፕላኑ ላይ ትልቁ ቤተ ሙከራ አለ፤ ግን በዚያ አያበቃም። የወርቅና የብር ጥራት የሚፈተንበት ክፍል፣ ዕቃ የሚሰናዳበት ክፍል፣ የረዳቶች ክፍል፣ የእንጨት ማከማቻ፣ የወይን ጠጅ ጓዳ፣ መታጠቢያ ቤት፣ የአትክልት ስፍራ ሁሉ አሉበት። ለብቻ የሚሠራበት ስውር ክፍልም አልጠፋም፤ በጠመዝማዛ ደረጃ ይወጡበታል። ወደ ቤቱ የሚመጣ እንግዳ አለ፣ የሚበላ ሰው አለ፣ የሚታጠብ ሰው አለ። ታይኮን ስሙን ጠርቶ ይተቸዋል።

ይህ የሊባቪየስ ቤት በወረቀት ላይ የቀረ ቤት ነው። ታይኮ ደሴት ነበረው፤ መምህሩ የነበረው እርሳስና ሐሳብ ነው። በዚህ ሰፈር የሚኖር መምህር ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መግለጽ አያስፈልገንም። ሁላችንም በጭንቅላታችን የምንሠራቸው ትምህርት ቤቶች አሉን፤ መስኮታቸው ወደ ምሥራቅ የሆነ።

በተግባር ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት የሚሻ ደግሞ በ1980 በኦስትሪያ፣ በኦበርሽቶክሽታል የተገኘውን ያስታውስ። ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤት ወለል ሥር አንድ ጉድጓድ ተገኘ። ከጉድጓዱ የወጣው ከአንድ ሺህ ያላነሰ የቤተ ሙከራ ዕቃ ነው፤ የማቅለጫ ሸክላዎች፣ የወርቅና የብር መፈተኛ ጽዋዎች፣ የብርጭቆ ስባሪዎች። የ16ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። የራስ ቅል ይጠብቅ የነበረ ሰው ያገኘው ያረረ ሸክላ ነው። ለአጫዋቾች የምንመክረው ይህንኑ ነው። ተጫዋቾቹ ወደ አስማተኛው ቤት ሲቀርቡ አስቀድመው የሚያዩት ጭስና የስባሪ ክምር ይሁን። አስማተኛው ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደ ወደቀ በክምሩ ቁመት ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጆን ዲ እንምጣ። ስለ እርሱ ረዘም አድርገን ብንጽፍ አንባቢ ይታገሠን፤ ከሁሉም ይልቅ አስማተኛ የሚለው ስም የተጣበቀበት እርሱ ነውና። በ1527 ተወለደ፤ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በወጣትነቱ በካምብሪጅ ለአንድ የግሪክ ተውኔት ሰው ተሸክሞ የሚበር ጢንዚዛ በመሣሪያ ሠራ፤ ተመልካቹ ይህ ያለ አስማት አይሆንም አለና ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎደፈ። የሥራ ቤቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በሞርትሌክ፣ የእናቱ ቤት ነበረ። ወደ 4,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ነበሩት፤ አንድ አራተኛው በእጅ የተጻፉ ናቸው ብሏል። በ1575 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጻሕፍቱን ለማየት መጣች። የዲ ሚስት በዚያው ቀን ተቀብራ ነበርና ንግሥቲቱ ወደ ቤት አልገባም ብላ እደጅ ቆማ ዝነኛውን መስተዋት አስመጥታ ተመለከተች።

የዲ ነበር የሚባል አንድ ጥቁር መስተዋት ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ባልጩት ነው፤ በአገራችን ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች የሚፍቁበት ያው ባልጩት፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ተወልውሎ። በ2021 የወጣ ጥናት ድንጋዩ ከሜክሲኮ፣ ከፓቹካ መምጣቱን አረጋግጧል። በወረራ የተያዘ አገር ድንጋይ ውቅያኖስ ተሻግሮ በአውሮፓውያን እጅ መላእክት የሚጠሩበት ዕቃ ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ የአስማት ዕቃ ከየት መጣ፣ ከማንስ ተወሰደ ብሎ መጠየቅ ለጨዋታውም ለታሪኩም ይበጃል።

ዲ በመስከረም 1583 ቤተሰቡን ይዞ ከአገር ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ያደረገውን ልብ እንበል፤ ቁጭ ብሎ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ጻፈ። ዝርዝሩ መስከረም 6 ቀን የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ስድስት ዓመት በፖላንድና በቦሔሚያ ከአንዱ መስፍን ወደ ሌላው ደጅ ሲጠና ኖረ። በ1589 ሲመለስ ቤቱ ተዘርፎ፣ መጻሕፍቱ ተወስደው፣ የቤተ ሙከራ ዕቃው ተበትኖ አገኘው። ከዘራፊዎቹ አንዱ ተማሪው የነበረ ኒኮላስ ሳውንደር የሚባል ሰው እንደ ነበር ይታመናል፤ በመጻሕፍቱ ላይ የዲን ስም ፍቆ የራሱን ጽፎባቸዋል። ከነዚያ መጻሕፍት ከመቶ የሚበልጡት ዛሬ በለንደን በሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ይገኛሉ፤ ከፍቀቱ ሥር የዲ ስም አሁንም ይነበባል።

ከመካከላችን መደርደሪያ ትቶ ያልመጣ ጥቂት ነው። ዝርዝር ለመጻፍ ጊዜ ያገኘ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ልጁን፣ «የአስማተኛህ ጠላት ዘንዶ አይሁን፤ አስማተኛው መንገድ ሲሄድ ቁልፉን የተረከበው ሰው ይሁን» አልነው። በጣም ደስ አለው።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1987 የወጣ «አርስ ማጂካ» የሚባል ሌላ ጨዋታ አለ፤ ደራሲዎቹ ጆናታን ትዊትና ማርክ ራይን ሄገን ናቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት በነበረችው አውሮፓ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ጨዋታ የአስማተኛው ሥራ የሚቆጠረው በወቅት ነው፤ አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ እያለ በቤተ ሙከራው ይከርማል። ደቀ መዝሙሩ 15 ዓመት ያገለግላል። ዘበኛውና አሽከሩም በተራ ለተጫዋቾች የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ሊባቪየስ ይህን ቢያይ ይወደው ነበር ብለን እንገምታለን።

ልጁ ባለፈው ሳምንት አዲስ ሥዕል ይዞ መጣ። ግንቡ አጥሯል። የራስ ቅሉን አልሰረዘውም፤ እኛም አልተከራከርነውም። የረዳት መደብ ከአታኖሩ አጠገብ አለ፤ በደጁ የስባሪ ክምር አለ፤ ከመደርደሪያው በላይ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ተሰቅሏል። የእንጨቱ ቁልል ግን ከግንቡ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። አስማተኛዋን የምትጫወተው ልጅ ጠዋት ጠዋት ለማገዶ የምትወጣ ናት። ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና፣ «ይህ ለአራት ቀን አይበቃም፤ ጫካውስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለች። አጫዋቹ አላሰበበትም ነበር። ግማሽ ቀን ይሁን ተባባሉ። ቅዳሜ ማታ የአስማተኛዋ ረዳት ለእንጨት ይወጣል፤ ጋዝ ያለው ሰው ትንሽ ቢያዋጣ ደስ ይለናል።