«ቡዳ በልቷት ነው» ከማለት እስከ ባክቴሪያ፦ የላም ግት በሽታ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በዓላችንን ስናከብር ስለተሰበሰበው ወተት ብዙ መነገሩ አይቀርም። እኔ ደግሞ ማሰባሰቢያ ጣቢያ ሳይደርስ ግት ውስጥ ስለሚበላሸው ወተትና የዚህ መንስኤ ስለሆነው የግት በሽታ (ማስታይትስ) ታሪክ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

የላም ግት ሲያብጥና ሲሞቅ፣ ወተቱም ሲቋጠር ወይም ደም ሲቀላቅል በየመንደራችን «ቡዳ በልቷት ነው» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓም በቀደሙት ዘመናት የላም ወተት ሲነጥፍ ወይም ሲበላሽ ጎረቤት በጠንቋይነት ትወነጀል ነበር።

ይህን አመለካከት የለወጠው ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳያዊው የእንስሳት ሐኪም ኤድሞን ኖካር ከሥራ ባልደረባው ከሞለሮ ጋር በመሆን በሽታው ከላም ወደ ላም የሚተላለፍ መሆኑንና መንስኤውም ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ይባላል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው እጅግ አስቸጋሪ ባክቴሪያም ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ በፍግ ውስጥ የሚገኘው ኢ. ኮላይ ደግሞ በ1885 ተገለጸ።

ከዚህ በኋላ ባክቴሪያዎቹ በሁለት ወገን ተለይተው ታወቁ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ የሚኖሩት በታመመ ግት ውስጥ ሲሆን፣ በአላቢ እጅ፣ በጨርቅና በማለቢያ መሣሪያ አማካይነት ወደ ጤነኛ ላም ይተላለፋሉ። ኢ. ኮላይና መሰሎቹ ግን መኖሪያቸው ፍግ፣ ጭቃና እርጥብ ጉዝጓዝ ነው። መግቢያቸው ግን አንድ ነው፤ እርሱም የጡት ጫፍ ቀዳዳ ነው።

በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ለላሞች ሕክምና መዋል ሲጀምር በሽታው ሊጠፋ ነው የሚል ተስፋ ነበር። በእርግጥ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ በመድኃኒቱ ይሸነፋል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ግን በግት ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹም ፔኒሲሊንን የሚያከሽፍ ኬሚካል ያመነጫሉ። በመሆኑም መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ታየ።

ሌላው ችግር የበሽታው ስውርነት ነበር። ግቱ ሳያብጥ፣ ወተቱም መልኩን ሳይለውጥ ላሚቱ ልትታመም ትችላለች። በ1957 በአሜሪካ ሻልምና ኑርላንደር የተባሉ ተመራማሪዎች የካሊፎርኒያ ምርመራ የሚባለውን ቀላል ዘዴ አስተዋወቁ። ከየጡቱ ጥቂት ወተት በሰሐን ላይ ታልቦ ከፈሳሹ ጋር ሲደባለቅ፣ በበሽታው የተነሳ የበዙት ነጭ የደም ሕዋሳት ወተቱን እንደ ተልባ ያዝለገልጉታል።

በ1960ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ አቅራቢያ በነበረው የወተት ምርምር ተቋም ኒቭ፣ ዶድና ባልደረቦቻቸው ሰፊ ሙከራ አካሄዱ። ከታለበ በኋላ የጡት ጫፍን በፀረ ተሕዋስያን መንከርና የአለባ ንጽሕናን መጠበቅ አዲስ ሕመምን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። በዚህም ላይ የታመመችውን ቶሎ ማከም፣ ወተት ስታቆም መድኃኒት በግቷ ማድረግ፣ የማትድነውን ማስወገድና የማለቢያ ማሽንን መጠገን ተጨምሮ አምስቱ የመከላከያ ነጥቦች ተባሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊ የወተት ልማት የተጀመረው በ1947 እ.ኤ.አ. 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ከተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት በስጦታ ሲመጡ ነው። የእነዚህና የዲቃሎቻቸው ወተት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም ለግት በሽታም ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ዝርያውን ተቀብለን እንክብካቤውን ከተውን ያገኘነውን መልሰን እናጣለን።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሦስት ዲቃላ ላሞች ላሏቸው አንዲት እናት «ከማለብዎ በፊት ግቱን በሞቀ ውኃ ይጠቡ፣ በጨርቅም ያድርቁ» ብዬ መከርኳቸው። እርሳቸውም ምክሬን አክብረው ሦስቱንም በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ ማጽዳት ጀመሩ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ ላሞች ታመሙ፤ የአንዷም አንድ ጡት ነጠፈ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሲመረምር፣ ሁልጊዜ በቅድሚያ የምትታለበው ላምም ስውር በሽታ ያለባት ሆና ተገኘች። እማማ «ልጄ፣ ያልከኝን ሁሉ አድርጌ ነበር» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። «ለየላሟ የየራሷ ጨርቅ» ማለትን የዘለልኩት እኔ ነበርኩ። ኖካር ከመቶ ዓመት በፊት የደረሰበትን እኔ ለእርሳቸው ሳላደርስ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናስታውስ፦

– እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ለእያንዳንዷ ላም የተለየ ንጹሕ ጨርቅ መጠቀም።
– ጤነኞቹን በቅድሚያ፣ የታመመችውን በመጨረሻ ማለብ።
– ከታለበ በኋላ የጡቱን ጫፍ ለዚሁ በተዘጋጀ የአዮዲን ፈሳሽ መንከር፤ ቀዳዳው እስኪዘጋ ድረስ ላሚቱ እንዳትተኛ መኖ መስጠት።
– ጉዝጓዙን ደረቅ ማድረግ።
– መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትን በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ለማኅበሩ አለማስረከብ። የአንድ አባል ወተት የሁሉንም ያበላሻል፤ እርጎውም አይረጋም።

የኅብረት ሥራ ትርጉሙ የሁላችን ወተት በአንድ ጋን መገናኘቱ ነው። ጥንቃቄያችንም እንደዚያው የጋራ ይሁን። መልካም የምሥረታ በዓል!