የደበቅነው ሚሞሪ ካርድ፦ መጽሐፍ ወደ ዓይነ ሥውራን አንባቢዎች የሄደበት መንገድ

ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ስማር ዓይነ ሥውር ጓደኛ ነበረኝ። ፈተና ሲቃረብ እኔ መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ በስልኩ ይቀዳል። የቀዳነው ድምፅ በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዱራሜ ድረስ ሄደ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ሰምተው «ይሄ የደራሲ መብት መጣስ ነው፤ ያስከስሳችኋል» አሉን። ፈራንና ካርዱን ደበቅነው።

ሰውየው ተሳስተው ነበር? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

መጀመሪያ ፊደሉ

በአገራችን ዓይነ ሥውራን ከትምህርት ጋር የተዋወቁት በብሬል አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውም ቅኔውም በቃል ስለሚጠና፣ ማየት የማይችል ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየሰማ ይማር ነበር። ችግሩ መምህሩ በሌለበት መጽሐፉም አለመኖሩ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1824 ስድስት ነጥቦችን ብቻ ተጠቅሞ በጣት የሚነበብ ጽሕፈት ሠራ። ስድስት ነጥብ፣ እያንዳንዱ ወይ አለ ወይ የለም፤ ስለዚህ 2 በ6 ኃይል ሲነሣ 64 ይሆናል። ባዶው ሲቀነስ 63 ምልክት ይቀራል። እዚህ ጋ ነው ጥያቄው፦ የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ ማለትም 231 ቅርጽ አለው። እንዴት ይግባ?

መፍትሔው ፊደሉን መፍታት ነበር። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። «ላ» ለማለት መጀመሪያ የ«ል»፣ ቀጥሎ የአናባቢው ምልክት ይመጣል፤ ሳድሱ ግን ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ በቀለም ሦስት ፊደል የሆነው «ሰላም» በብሬል አምስት ምልክት ይፈጃል። የብሬል መጽሐፍ ግዙፍ የሚሆነው በወፍራም ወረቀቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ለሀዲያና ለከምባታ ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀዲይኛንና ከምባትኛን ያስተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። በኋላ በትምህርት ቤት ሁለቱም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ለሚያይ ልጅ አማርኛና ሀዲይኛ ሁለት የተለያዩ ጽሕፈቶች ናቸው። የአማርኛ ብሬል ግን አብዛኞቹን ምልክቶች የወሰደው ከላቲኑ ብሬል ነው፤ «ም» በሁለቱም ነጥብ 1፣ 3 እና 4 ነው። ለዓይን የተራራቁት ፊደሎች ለጣት ጎረቤት ናቸው።

ቀጥሎ ማሽኑ

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ስክሪን ሪደር የተባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ያነባል፣ ተማሪው ይሰማል። ነገር ግን የቆዩት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ቁጥር ላይ የግዕዝ ሥዕል የለጠፉ ነበሩ። ዓይን «ሀ» ሲያይ ማሽኑ የሚያየው ሌላ ምልክት ነው፤ ሲያነብም ትርጉም የለሽ ድምፅ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር ሲያገኝ ይህ መፈታት ጀመረ። በድሮው ፎንት ተጽፎ የቀረው ፋይል ግን እስካሁን ለስክሪን ሪደር ዝግ ነው፤ ገጹ በፎቶ ብቻ የተነሣ ፒዲኤፍም እንደዚያው።

በመጨረሻ ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማዘጋጀትን ፈቀደ። ከእጅ ወደ እጅ ማዞር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ያኔ የመከሩን ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። የዓለም ዓይነ ሥውራን ኅብረት ከሚታተሙት መጻሕፍት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለዓይነ ሥውራን በሚነበብ መልክ እንደማይገኙ ይገምታል፤ ሁኔታውንም «የመጽሐፍ ረሃብ» ይለዋል። ለዚህ ምላሽ ሰኔ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የማራካሽ ስምምነት ጸደቀ። ኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. አባል ሆነች። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገር ሕግ አካል ነው።

ስምምነቱ የሚለው ቀላል ነው። ዓይነ ሥውር አንባቢ፣ ወይም እሱን ወክሎ የሚሠራ ሰው፣ ለአንባቢው የግል ጥቅም በሚመቸው መልክ ቅጂ ማዘጋጀት ይችላል። ትርፍ የማያገኙበት ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራትም በሕጋዊ መንገድ ያገኙትን መጽሐፍ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በዲጂታል አዘጋጅተው ለተጠቃሚዎቹ ማደል፣ ከሌላ አባል አገር ጋርም መለዋወጥ ይችላሉ። ተጠቃሚው ዓይነ ሥውሩ ብቻ አይደለም፤ በአካል ጉዳት መጽሐፍ ይዞ መግለጥ የማይችለውም ይካተታል። ደራሲውም መብቱን አላጣም፤ ቅጂው ለእነዚህ አንባቢዎች እንጂ ለገበያ አይደለም።

ታዲያ ዛሬ ያ ካርድ? ለጓደኛዬ መቅዳቴ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዱራሜ መድረሱ ግን በእኛ ኪስ ሳይሆን በቤተ መጻሕፍት በኩል ቢሆን ትክክል ይሆናል። ሆሳዕና ዛሬ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የመምህራን ኮሌጅም አላት። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቂት አንባቢዎችና በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይል ነው። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ተጽፎ ያለቀ ፋይል ነበር፤ ከአታሚው መጠየቅ ከባዶ ከመጀመር ይቀላል።

ፊደሉ ተፈቷል፣ ማሽኑ ማንበብ ተምሯል፣ ሕጉም ፈቅዷል። ከአሁን በኋላ አንድ የሆሳዕና ተማሪ መጽሐፍ ቢያጣ በሕግ ማሳበብ አይቻልም።