የኃላፊ ጊዜ ምርጫ በእንግሊዝኛ፦ የሃርጌሳ ሶማሊኛና አማርኛ ተናጋሪዎች

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሃርጌሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው የታሪክ ፈተናም ሆነ የቤተ ሙከራ ዘገባ ሲጽፍ ያለፈን ድርጊት በትክክለኛው የግስ ቅርጽ መግለጽ ይጠበቅበታል። ሲሳሳት የሚታዘዝለት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ያልተለመዱ ግሶችን ዝርዝር መሸምደድ ነው። ይሁን እንጂ «ዌንት» እና «ጎን»ን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ተማሪም ይስታል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ችግሩ ከቅርጹ ይልቅ ድርጊቱ በሚታይበት የጊዜ ነጥብ ላይ ነው የሚል ነው፤ ነጥቡን ደግሞ አፍ መፍቻ ቋንቋው አስቀድሞ መርጦለታል።

ሶማሊኛ «ተገይ» (ሄደ)፣ «ተገየይ» (እየሄደ ነበር) እና «ተጊ ጅረይ» (ይሄድ ነበር) ብሎ ይለያል። መለያው ድርጊቱ መፈጸሙ፣ መቀጠሉ ወይም መዘውተሩ ነው። እንግሊዝኛ «ዌንት» እና «ሃዝ ጎን» ብሎ የሚከፍለውን «ተገይ» ብቻውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሶማሊኛ ተናጋሪው «ዩዝድ ቱ»ን በቀላሉ ሲለምድ ፕረዘንት ፐርፌክት («ሃዝ ጎን») ላይ ይቸገራል።

አማርኛ ተናጋሪው «ሄደ»፣ «ሄዷል»፣ «ሄዶ ነበር» የሚል ክፍፍል ስላለው የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል። የሚያሳስተውም ይኸው መመሳሰል ነው። «ትናንት መጥቷል» ብንል የሚያርመን የለም፤ «ሃዝ ካም» ግን ከ«የስተርደይ» ጋር አይሄድም። «ትናንት መጥቶ ነበር» ስንል መጥቶ መመለሱን መናገራችን ሊሆን ይችላል፤ «ሃድ ካም» ብለን ስንጽፈው ግን አንባቢው «ከምን በፊት?» ብሎ ይጠይቃል። በአሉታ ደግሞ ክፍፍሉ ራሱ ይጠፋል፤ «አልመጣም» ለ«ዲድ ኖት ካም»ም ለ«ሃዝ ኖት ካም»ም ያገለግላል።

የሶማሊላንድ ታሪክ ለዚህ ምርጫ ጥሩ መለማመጃ ነው። ሶማሊላንድ ከብሪታንያ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960 ነው፤ ቀኑ ተቆርጦ ስለተጠቀሰ «ጌይንድ» ይበቃል። ትረካው ጁላይ 1 ቀን ላይ ቆሞ ከሶማሊያ ጋር መዋሐዷን ሲያወሳ ግን ያው ነፃነት ወደ ኋላ ይርቅና «ሃድ ጌይንድ» ይሆናል። ከሶማሊያ መለየቷን ያወጀችበት የሜይ 18 ቀን 1991 አዋጅ «ዲክሌርድ» ነው እንጂ «ሃዝ ዲክሌርድ» አይደለም። ከዚያ ወዲህ ራሷን ማስተዳደሯ ግን እስካሁን ስለሚዘልቅ «ሃዝ ገቨርንድ» ይባላል። ተማሪው «ገቨርንድ» ብቻ ብሎ ቢተወው አስተዳደሩ ያከተመ ሊመስል ይችላል፤ በሃርጌሳ ይህ ከሰዋስው ስህተት በላይ የፖለቲካ አቋም ተደርጎ ሊነበብ ይችላል።

መምህሩ ከግስ ሰንጠረዡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስለምድ ይበጃል፦ ያለፈው ጊዜ ተቆርጦ ተጠቅሷል? ድርጊቱ ወይም ውጤቱ እስከ አሁን ይደርሳል? ከሌላ ያለፈ ድርጊት መቅደሙ ካልተነገረ አንባቢው ይሳሳታል? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ አማርኛ ተናጋሪውን ከ«ሃድ» ብዛት ያድነዋል፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» ቅደም ተከተሉን ግልጽ ካደረጉት ሲምፕል ፓስት («ዌንት») ብዙ ጊዜ በቂ ነውና። ለሶማሊኛ ተናጋሪው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዓይነት መልመጃ ሲሠሩ ቢሳሳቱም የስህተታቸው ምንጭ አንድ አይደለም፤ እርማቱም እንደየቋንቋቸው መለየት አለበት።