እሳትን የሚጠብቅ ደን

እስቲ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። ወሩ ሐምሌ፣ አገሩ ኮሎራዶ ነው። የአገራችን ሰው በብዛት ከሚኖርባት ከአውሮራ ተነስቼ፣ ዴንቨርን አልፌ፣ ከኤቨርግሪን ከተማ በላይ ወዳለው ተራራ አቀናሁ። ሐምሌ ቢሆንም ጭጋግም ጭቃም የለም፤ እዚያ የበጋው እምብርት ነው። ብቻዬን ነበርኩ። በዚያ ወቅት ማለዳው ጥርት ብሎ ይነጋና ከቀትር በኋላ መብረቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ማክስዌል ፏፏቴ በሚወስደው የእግር መንገድ ገባሁ።

ጎበዝ፣ ስለ ዛፉ ልንገራችሁ። ፀሐይ በሚያገኘው ዳገት ላይ ፖንደሮሳ የሚሉት ፓይን ቆሟል። ቅጠሉ ረጅም መርፌ ነው፤ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ሥር ይወጣል። ያረጀው ግንድ ቅርፊቱ ወደ ብርቱካንማ ያደላል፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ፀሐይዋ በርታ ስትል አፍንጫዬን ስንጥቁ ውስጥ ከተትኩት። ቫኒላ! ኬክ ቤት በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ቅርፊቱ እንዲያ የወፈረው በከንቱ አይደለም። መብረቅ የጫረው እሳት ሣሩን እየበላ ሲያልፍ ቅርፊቱ ግንዱን ይጋርደዋል። የታችኛውን ቅርንጫፍ ዛፉ ራሱ ስለሚያራግፈው ነበልባሉ መወጣጫ ያጣል። ከፍ ሲሉ ደግሞ ሎጅፖል የሚባለው ዘመዱ አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ቅርፊተ ስስ። እሱ እሳት ሲመጣ ይሞታል። ግን ብዙው ፍሬው በሙጫ ታሽጎ ለዓመታት ቅርንጫፉ ላይ ይቆያል፤ ሙጫውን የሚያቀልጠው የእሳቱ ሙቀት ነው። እናቲቱ ስትቃጠል ዘሯ አመዱ ላይ ይበተናል። አንዱን ፍሬ አንስቼ በጥፍሬ ልከፍተው ታገልኩ፤ ንቅንቅ አላለም።

አንጀቴን የሚበላው ታዲያ ይኼ ነው፦ ሰው ትንሹንም ትልቁንም እሳት እያጠፋ ብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። ከሥር ችግኙና ጭራሮው ተከመረ። በ2002 እ.ኤ.አ. ከዚህ በስተደቡብ ሰው የጫረው የሄይማን እሳት 138 ሺህ ኤከር ገደማ ሲበላ፣ ወፍራም ቅርፊት የለበሱት ፖንደሮሳዎች እንኳ ብዙዎቹ አልተረፉም።

ጅረቱ ጋ ስደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ውሃው ጠጡኝ ጠጡኝ ይላል፤ አልጠጣሁም፤ ጃርዲያ እዚህም አለ። አንዲት ግራጫ ወፍ ከፊቴ አረፈች፤ ቁጭ ብድግ፣ ጉልበቷን አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ። ከዚያ ዘላ ገባች፣ ውሃው ውስጥ! ዲፐር ይሏታል። ከጅረቱ ወለል ላይ በእግሯ እየተራመደች የድንጋዩን ሥር በመንቁሯ ትፈትሻለች፤ የነፍሳት እጭ ፍለጋ ነው። ብቅ ስትል ውሃው ከላባዋ ላይ ኮለል ብሎ ወረደ፤ ላባዋ ግን አልራሰም። ምሳዬን ረስቼ አየኋት።

5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከሸንተረሩ ጀርባ ደመናው እንደ ግንብ ቆመ። ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ሽቅብ ሲወጡ አገኘኋቸው፤ ደመናውን በእጄ አሳየኋቸው። ተያዩና አብረውኝ ወረዱ። መኪና ማቆሚያው ስንደርስ በረዶውን ያወርደው ጀመር፤ ከኋላችን ዳገቱ ላይ መብረቁ ደጋግሞ ወደቀ።